የሸንጋዩ ተረከዝ

ይህ የሆነ ነገር ነው።

"ልቦለድ ነው" የምትሉ እዚሁ ላይ አቁሙና ሂዱ። እናንተን ለማሳመን የምለምን ሰው አይደለሁም። ለአንድ ሥዕል አማላጅ ሆናችሁ ስትናከሱ የከረማችሁ ሰዎች፣ ለእኔ ሲሆን "ማስረጃ" ብትሉኝ አልሰማችሁም።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

መብራት አልጠፋም። ውሻ አላላዘነም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች፣ ከታች የጎሚስታው መዶሻ ቀኑን ሙሉ የሚሰማባት፣ ፀሐይ የማይጠፋባት ቤት ናት።

እዚያ ቤት የምንኖረው ሁለት ነን... እኔና ታናሽ እህቴ።

"ነን" ያልኩት ከልምድ ነው።

የምጽፈውም ለእሷ ብዬ ነው። ከእናንተ የምፈልገው ምክር አይደለም፤ ሐዘኔታችሁንም አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ዝም እንድትሉ።

ለማያውቅ ላስረዳ። "የቁልፎች ከተማ" በየሳምንቱ በስልክ የምናነበው ኮሚክ ነው። በሮቿ ሁሉ የተቆለፉባት ከተማ አለች። በዚያች ከተማ ሸንጋዩ የሚባል ሰው ይዞራል። የሰናፍጭ ቀለም ያለው ካፖርት ይለብሳል፤ ጫማ አያደርግም፤ በአንድ ጎን ብቻ ፈገግ ይላል። ሥራው የተዘጋ መክፈት ነው። እስር ቤት ይከፍታል፣ ጉድጓድ ይከፍታል፣ የንግሥቲቱን መኝታ ቤት ይከፍታል።

ግን ሳይጠይቅ አይከፍትም። አፉን በሩ ላይ ያስጠጋና በሹክሹክታ "ልክፈት?" ይላል። ሁልጊዜ አንድ ሞኝ ከውስጥ "ክፈት" ይለዋል።

በመጨረሻው ክፍል ጠላት ውጭ ተሰልፎ ሳለ፣ የከተማዋን ዋና በር ከፈተው። ከተማዋ አለቀች።

ከዚያ እናንተ፣ በስልክ ቡድናችን አብራችሁኝ የምታነቡት፣ አበዳችሁ።

"ለምን ከፈተ?"

ከእናንተ አንዷ፣ ነርሷ፣ "ልጅ ሳለ ተቆልፎበት ያደገ ነው። የተዘጋ በር ያመዋል። አንድ ሰው ቢያቅፈው ኖሮ..." ብላ ጻፈች። የት ተሳለ ይሄ? የትም! አንድ ከተማ ሕዝብ አስፈጅቶ እሷ ልታቅፈው ነው። የምታክማቸውን ሰዎች ፈጣሪ ይጠብቃቸው።

አስተማሪው ደግሞ "በሩ ምልክት ነው" አለ። ለዚህ ሰው ሁሉም ነገር ምልክት ነው። እንቅፋት ቢመታው ጣቱን ከማሸቱ በፊት ድንጋዩ የምን ምልክት እንደሆነ ያስባል።

ሌላዋ "ለንግሥቲቱ ካለው ፍቅር ነው" አለች። ለምን? ንግሥቲቱ በአንድ ሥዕል ላይ ዞር ብላ ስላየችው! በዚህ አያያዝማ እኔም ስንቷን አግብቼ ነበር።

እኔ ጠበቃ ነኝ። የሰው ሐሳብ ምን ነበር የሚለው ጥያቄ የዕለት እንጀራዬ ነው። ሐሳብ በድርጊት ይታያል፤ ድርጊት በማስረጃ ይታያል። እናንተ ግን የራሳችሁን ቁስል ለሥዕል ታለብሱና መልሳችሁ ታለቅሱለታላችሁ። ይህንኑ ጻፍኩላችሁ።

"ታዲያ አንተ ንገረና፣ ጠበቃው!" አላችሁ። "ለምን ከፈተ?"

መልስ አልነበረኝም።

መልስ ማጣት ደግሞ ለእኔ የጥርስ ሕመም ነው። እንቅልፍ አያስተኛም።

እህቴ የዚህ ኮሚክ ቀለም ቀቢ ናት። አታውቁም። በየክፍሉ መጨረሻ በትንንሹ ተጽፏል፤ ማን ያነባል? ሠዓሊዋ በሌላ ከተማ ሆና ገጹን በጥቁር መስመር ብቻ ትስላለች። እህቴ ኮምፒውተር ላይ ትቀባና ትመልስላታለች። ንግግሩ የሚገባው በመጨረሻ ነው።

በቤታችን በእግር የሚረገጠው ሁሉ የእህቴ ብዕር ነው። የብዕር ክዳን ገጥማ አታውቅም። አንድም ቀን። እናታችን በሕይወት ሳለች "አንቺ ልጅ፣ አፍሽንም ብዕርሽንም መክደን ሳታውቂ ልታረጂ ነው" ትላት ነበር።

ጥርሴን ታምሜ የተቀመጥኩ ቀን ጠራችኝ።

"ጋሼ፣ ና እስቲ ጉድ ላሳይህ።"

ሄድኩ። ያልተቀባ ገጽ ከፍታለች።

"ይሄ ጥግ ላይ ያለው የባልዲ ምልክት ይታይሃል? በእሱ የአንድ ሰው ሥዕል ውስጡን ስነካው ቀለም ይሞላል። ግን መስመሩ ዙሪያውን የተዘጋ መሆን አለበት። የፀጉር ያህል ክፍተት ካለ ቀለሙ ይፈስና ገጹን ያጥለቀልቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ክፍተት ፈልጌ እዘጋለሁ።"

"እሺ፣ ምን ይጠበስ?"

"ሠዓሊዋ ጠንቃቃ ናት። የማንንም መስመር ክፍት አትተውም። የእሱ ብቻ..." ጣቷን ሸንጋዩ ላይ አሳረፈች። "ሁልጊዜ። ሁልጊዜ እዚህ ጋ።"

ግራ ተረከዙ ላይ።

"እኔ እዘጋዋለሁ፤ በሚቀጥለው ገጽ ተከፍቶ ይመጣል።"

ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። መልሱ ይኸው! በር የሚከፍተው አዝኖ አይደለም። አፍቅሮም አይደለም። የራሱን መውጫ እየፈለገ ነው... ከገጹ!

ጻፍኩት። ሳቃችሁብኝ።

"ማስረጃ! ማስረጃ!" አላችሁ። የራሴን ቃል በራሴ ላይ። ነርሷ በሳቅ የምታለቅስ ፊት ላከች።

"ያልተዘጋውን ገጽ ስጪኝ፤ አፋቸውን ላስዘጋቸው" አልኳት እህቴን።

"አይሆንም። ነውር ነው። ልብስ እየለበሰ ያለ ሰው ፎቶ እንደማንሳት ነው።"

"አንድ ገጽ ብቻ።"

"ቀለሙ ይፈሳላ!"

"ይፍሰስ። መፍሰሱን ነው ማየት ያለባቸው።"

"አንተ እኮ ክርክር ለማሸነፍ እናትህንም ምስክር ታቆማለህ።"

"እናቴማ ብትኖር ዳኛ አደርጋት ነበር።"

ሳቀች። አረንጓዴ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አደረገችና ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጎሚስታው ከታች ይቀጠቅጣል። ሸንጋዩ የከተማዋን በር የከፈተበትን ገጽ ያልተቀባ ቅጂ አወጣች። ተረከዙን ቀደም ብላ ዘግታው ኖሯል፤ የዘጋችበትን መስመር መደምሰስ ነበረባት።

እጇ ቆመ።

"ልክፈት?" አለችኝ።

"ክፈቺ" አልኩ።

ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። ዝም በሉ! እኔ የተናገርኩት ስለ መስመሩ ነው። ማንም ፍርድ ቤት ፊት ቆሜ እከራከርበታለሁ።

መስመሩን ደመሰሰችው። ከዚያ ካፖርቱ ውስጥ ነካች።

የሰናፍጩ ቀለም ፈሰሰ። ሰማዩ፣ ድንጋዩ፣ በሩ። ይሄን ጠብቀን ነበር።

ከበሩ ውጭ የተሰለፉት ወታደሮች ግን...

የወታደሮቹ መስመር ዝግ ነው። ቀለሙ ወደ እነሱ መግባት አይችልም። ገባ። ፊታቸውን ሞላው። ዓይናቸውን። ጥርሳቸውን።

አንድ ነገር ብቻ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ሸንጋዩ።

"ውስጡን ነው የነካሁት" አለች እህቴ በሹክሹክታ።

"ተሳስተሽ ይሆናል።"

"ጋሼ... ውስጡን ነው የነካሁት።"

ደግማ ነካችው። ደግማ። ቀለም አልያዘም።

"ምን ማለት ነው?"

"ውስጥ የለውም ማለት ነው" አለች። "መስመሩ ብቻ ነው የቀረው። ሰውየው የለም።"

ከታች የጎሚስታው መዶሻ ዝም ብሎ ነበር። መቼ እንዳቆመ አላስተዋልኩም።

ገጹን ለጠፍኩላችሁ። አስተማሪው "ነጭ የንጽሕና ምልክት ነው" አለ። ነርሷ "አለቀስኩ" አለች። ስልኬን በመስኮት ልወረውረው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሠዓሊዋ ደወለች። እህቴ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"የኔ ልጅ፣ ገጹ የወጣው ወጥቷል፤ አልቆጣሽም" አለች። "ግን ተረከዙን ለምንድነው ሁልጊዜ የምትከፍቺው?"

"እኔ?" አለች እህቴ። "እርስዎ አይደሉ እንዴ ክፍት አድርገው የሚልኩልኝ?"

"እኔ ዘግቼ ነው የምልከው። አንቺ ስትመልሺው ተከፍቶ አገኘዋለሁ። ሥራሽ ስለሚያምር ዝም ብዬ እየዘጋሁ ነው የኖርኩት።"

"እኔም እኮ ዘግቼ ነው..."

እህቴ ቃሏን ሳትጨርስ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።

የሠዓሊዋ ትንፋሽ ይሰማል።

"የትናንቱን ዘጋሽው?" አለች ቀስ ብላ።

እህቴ አየችኝ። መልሳ ለመዝጋት ሞክራ ነበር። መስመሩ አልይዝ ብሏት ነበር።

"አልዘጋሁትም።"

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሠዓሊዋ ስልክ አላነሣችም።

በዚያው ሰሞን የጨው ዕቃ ተከፍቶ አገኘሁ።

ቀጥሎ የጥርስ ሳሙናው። የጫማ ቀለሙ። የዘይቱ ጠርሙስ። በእህቴ ጮህኩ።

"ክዳን የሚባል ነገር ከፈጣሪ ጋር አጣልቶሻል?"

"ብዕሩን አዎ፤ እኔ ነኝ" አለች። "ጨውን ግን አልነካሁም።"

ቁም ሳጥኑ። መስኮቱ። የውጭው በር፣ ቁልፉ ሁለቴ ዞሮ ሳለ፣ ጣት በሚያሳልፍ ልክ ገርበብ ብሎ። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረው የታሸገ ፖስታ፣ ማኅተሙ ሳይሰበር አፉ ተከፍቶ። የኮቴ ስፌት፣ አንድ ክር ሳይበጠስ ተተርትሮ።

ሰው ለሁሉም ነገር ምክንያት ያበጃል፤ ከእናንተ ተምሬ ሳይሆን አይቀርም። ሙቀት ነው አልኩ። አይጥ ነው አልኩ። ማኅተም የማይሰብር አይጥ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እህቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ካልሲዋን አውልቃለች።

"ጋሼ፣ እግሬን እየው እስቲ።"

ግራ ተረከዟ ላይ ስንጥቅ ነበር። ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ።

"ያማል?"

"አያምም።"

ደም የለም። በስልኬ መብራት አየሁት። ውስጡ ቀይ አልነበረም።

ነጭ ነበር። እንደ ወረቀት።

የማን እንደሆነ ሳልናገር ነርሷን በውስጥ መስመር ጠየቅኳት። "ቫዝሊን ይቀባ" አለችኝ። አከለችም... "ግን አንተ ሸንጋዩን ለምን እንዲህ ጠላኸው? ማን ጎድቶህ ነው?"

ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ እህቴ መገርጣት ጀመረች። ሻሿ አረንጓዴ ነው፤ ቀሚሷ ሰማያዊ ነው። ፊቷ ግን ቀን በቀን ወደ ወረቀት ይሄዳል። ከንፈሯ በእርሳስ የተሳለ መሰለ። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ደሟ ጤነኛ ነው ተባለ።

"ደም አይደለም" አለችኝ ስንወጣ፣ ክንዴን ይዛ። "ጋሼ፣ እየፈሰስኩ ነው።"

መፍትሔውንም ያገኘችው ራሷ ናት። ሙያዋ ነዋ። ጥቁር ብዕር አነሣችና ስንጥቁ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር አሰመረች። ጠበቅን። ቀስ በቀስ ጉንጯ ላይ ደም መጣ። ተቃቅፈን እንደ ሕፃን ሳቅን።

ያዘ።

እናንተ እስክትጽፉ ድረስ።

በዓይኔ አይቻለሁ። እግሯን ጉልበቴ ላይ ጭናለች፤ እኔ በአንድ እጄ ስልኬን አያለሁ። አስተማሪው "የሸንጋዩ ድብቅ ዓላማ" የሚል የአንድ ክንድ ጽሑፍ ለጠፈ። መስመሩ ከመሐሉ ተሰነጠቀ። እህቴ መልሳ ዘጋችው። ነርሷ "ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ጠይቁለት እንጂ" አለች። ተሰነጠቀ። ዘጋችው። ሌላው መጣ። ተሰነጠቀ።

እያንዳንዷ "ለምን" ምላጭ ነበረች።

እያንዳንዷ።

ለምኛችኋለሁ። እኔ! ሰው ለምኜ የማላውቅ ሰው "እባካችሁ ለጥቂት ቀን ስለ እሱ አትጻፉ" ብዬ ጻፍኩ። ታስታውሳላችሁ? ምን አላችሁ?

"ጠበቃው ተሸነፈ!"

በዚያን ቀን የጻፋችሁትን ያህል ጽፋችሁ አታውቁም።

ወደ መጨረሻው ልምጣ።

ከፍርድ ቤት ወጣሁና ወደ ቤት ሮጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይ ደረጃውን ሞልቶታል። ጎሚስታው ሰላም ሲለኝ አልመለስኩለትም።

በሩ ተቆልፏል።

ገፋሁት። ንቅንቅ አላለም። እንደ ሰሞኑ ገርበብ ብሎ አልጠበቀኝም፤ ደስ አለኝ። በቁልፌ ከፍቼ ገባሁ። የጨው ዕቃው ተከድኗል። ዘይቱ ተከድኗል። ቁም ሳጥኑ፣ መስኮቱ፣ ሁሉም ተዘግቷል። ኮቴ ተሰፍቶ ተሰቅሏል።

እህቴ መስኮቱ አጠገብ ወንበሯ ላይ ነበረች። ጉንጯ ቀልቷል። ከንፈሯ ቀልቷል። እንዲህ አምራ አይቻት አላውቅም።

"ዳንሽ?"

"ዳንኩ።"

ተንበርክኬ እግሯን ያዝኩ። ሞቃት ነው። ስንጥቁ የለም። የብዕር መስመሩም የለም። ጠባሳ እንኳ የለም። ተረከዟ መሬት ረግጦ የማያውቅ የአራስ ልጅ ተረከዝ ይመስላል። ዕንባዬ መጣ፤ አልዋሽም።

"ሻሽሽስ?" አልኳት ቀና ብዬ።

ራሷ ላይ አልነበረም።

ፈገግ አለች... በአንድ ጎን።

ኮምፒውተሩ በርቷል። የበሩ ገጽ ነው። ሁሉም ነገር ሰናፍጭ ነው። ሸንጋዩ ነጭ ሆኖ የቀረበት ቦታ ላይ ግን ሌላ ሰው ቆሟል። ትንሽ ሴት። አልተቀባችም፤ ነጭ ናት። ሻሿ ብቻ አረንጓዴ ነው። ሁለት መዳፏን ወደ እኔ ዘርግታ የማይታይ ነገር ላይ ለጥፋለች። አፏ ተከፍቷል። ከአፏ በላይ ያለው የንግግር ክብ ባዶ ነው።

ገጹ ወጥቶ ነበር። ማን እንዳወጣው አላውቅም። ከሥሩ እናንተ ነበራችሁ።

"አዲስ ገጸ ባሕርይ!"

ነርሷ፦ "ምስኪን፣ ይቺም ተቆልፎባት ያደገች ናት።"

አስተማሪው፦ "አረንጓዴው ምልክት ነው።"

ሌላው፦ "አትመኗት። ዓይኗን እዩት። ዓላማ አላት።"

እህቴ ናት፣ እናንተ ከንቱዎች! ምን ዓላማ አላት? መውጣት ነው ዓላማዋ!

ተረከዟን ፈለግኩ። አጠጋሁት፤ አሰፋሁት። ክፍተት ካገኘሁ... የፀጉር ያህል እንኳ... ዙሪያዋን በጣቴ ተከተልኩ። ከራሷ እስከ እግሯ፣ ከእግሯ እስከ ራሷ።

መስመሯ ዝግ ነው። አንድም ቦታ አልቀረም።

መደምሰሻው የቱ እንደሆነ አላውቅም። የሷ ሙያ ነው፤ አንድም ቀን ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም። ከጠረጴዛው ላይ አፉ የተከፈተ ብዕር አነሣሁ። በእሱ ምን ላደርግ እንደነበር አሁንም አልገባኝም።

ከኋላዬ ወንበሩ ተንቀሳቀሰ።

ባዶ እግር ወለሉን እየረገጠ መጣ። ቀስ ብሎ።

እጅ በትከሻዬ ላይ አለፈና ብዕሩን ከጣቶቼ መሐል አወጣው። በእርጋታ። የእህቴ እጅ ነው። የእህቴ ጥፍር ነው። አውራ ጣቷ ላይ ያለው የቀለም እድፍ እንኳ የእሷ ነው።

ሌላው እጇ ወለሉ ላይ ከተበተኑት ክዳኖች መሐል አንዱን አነሣ። ወዲያ ወዲህ ሳታይ። ሳትሳሳት።

"ልዝጋ?" አለችኝ በሹክሹክታ፣ ጆሮዬ ሥር።

አልመለስኩም። ቃል አልወጣኝም። እምላለሁ፣ አንድም ቃል አልወጣኝም።

ሥዕሉ ላይ ያለችው ትንሽ ሴት ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

ክዳኑ ገጠመ።

ቀጭ።